ወረቀት ያለው ቡችላ፣ ያልታየች እናት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ሆነን ንጹህ ዝርያ የሆነ ጀርመን ሼፐርድ ለማሳደግ ወስነናል። ስናፈላልግ ያገኘነው ሻጭ ቡችሎቹ ስድስት ሳምንት እንደሞላቸውና በዚሁ ሳምንት ልንወስድ እንደምንችል፣ ሁሉም የዘር ሐረግ ወረቀት ስላላቸው ስለ ጤናቸው መሥጋት እንደሌለብን ነገረን። እናታቸውን ለማየት ስንጠይቅ ግን «ሌላ ቦታ ናት» አለን፤ ቶሎ ቀብድ ካልከፈልን ለሌላ ሰው እንደሚሸጥም አስጠነቀቀን። ወረቀቱ በቂ ማስረጃ ነው? ኃላፊነት የሚሰማውን አርቢ ከተራ ሻጭ በምን እንለያለን?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ቀብዱን አይክፈሉ። ሻጩ የጠቀሰው ወረቀት የሚመዘግበው የቡችላው ወላጆች፣ አያቶችና ቅድመ አያቶች እነማን እንደሆኑ ነው። ስለ እነዚያ ውሾች ጤንነትና ጠባይም ሆነ ቡችላው ስላደገበት ሁኔታ በራሱ የሚያረጋግጠው ነገር የለም። የዘር መዝገብ የሚይዙት ማኅበራት ረጅም ዕድሜ አላቸው፤ የብሪታንያው ኬኔል ክለብ በ1873፣ የአሜሪካው በ1884፣ የብዙ አገሮችን ማኅበራት የሚያስተባብረው ኤፍሲአይ ደግሞ በ1911 እ.ኤ.አ. ተመሥርተዋል። ይሁን እንጂ ደንባቸው ከአገር አገር ይለያያል። አንዳንዶቹ ወላጆቹ የተወሰነ የጤና ምርመራ ካላለፉ ቡችሎቹን አይመዘግቡም፤ በሌሎቹ ዘንድ ግን ሁለቱ ወላጆች በአንድ ዝርያ መዝገብ ውስጥ መገኘታቸው ብቻ ይበቃል።

ይህን ስል ወረቀቱ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ብዙ ገዢዎች ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል እንጂ አያነቡትም። በእናትም በአባትም በኩል አንድ ስም ተደጋግሞ ካዩ ወላጆቹ ዘመዳሞች ናቸው። በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ እኅትና ወንድም ቢወልዱ የቡችላው የሥጋ ዝምድና መጠን (ማለትም ከአንድ ቅድመ አያት የመጣ አንድ ዓይነት ዘረመል ከእናትም ከአባትም የመውረስ ዕድሉ) ቢያንስ 12.5 በመቶ፣ በሁለቱም ወላጆች የሚገናኙ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 25 በመቶ ይሆናል፤ መጠኑ በጨመረ ቁጥር በሁለቱም ወገን ተደብቆ የኖረ የበሽታ ዘረመል በቡችላው ላይ የመገናኘት ዕድሉም ይጨምራል። ንጹህ ዝርያ ሁሉ በተወሰነ ደረጃ ከጠባብ የዘር ምንጭ የመጣ ነው። ጀርመን ሼፐርድም ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የተባለ መኮንን በ1899 እ.ኤ.አ. ሆራንድ ፎን ግራፍራት የተባለውን ውሻ የዝርያው የመጀመሪያ አድርጎ ካስመዘገበ ወዲህ በተዘጋ መዝገብ ውስጥ ሲራባ የኖረ ነው። በዚህ ላይ የቅርብ ዘመዳሞችን ያገናኘ አርቢ ይህን ያደረገበትን ምክንያት ሊያስረዳዎት ይገባል።

ወደ ጤናው ስንመጣ፣ በዚህ ዝርያ ዋናው ሥጋት ሂፕ ዲስፕሌዥያ የሚባለው የዳሌ መገጣጠሚያ ጉድለት ነው። የታፋው አጥንት ራስ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ በልኩ ሳይቀመጥ ይቀርና ልል ይሆናል፤ በጊዜ ብዛትም መገጣጠሚያው እየተፋተገ ወደ ሕመምና ሽባነት ወደሚመስል አንካሳነት ያደርሳል። የሚያስቸግረው ቡችላውን በስምንት ሳምንቱ እያዩት ምንም የማይታወቅ መሆኑ ነው፤ የሚሮጠውና የሚዘለው ከጤነኛው እኩል ነው። ስለዚህ ማስረጃው የሚፈለገው ከወላጆቹ ላይ ነው። በኤፍሲአይ አሠራር ወላጆቹ ቢያንስ አንድ ዓመት ሲሞላቸው የዳሌያቸው ራጅ ተነሥቶ ከኤ እስከ ኢ ባለው ደረጃ ይመደባል፤ ኤ ጉድለት የሌለበት፣ ኢ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው። ኦኤፍኤ የተባለው የአሜሪካ ተቋም የመጨረሻውን ውጤት የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ከሞላው በኋላ ነው። ሻጩ «ሐኪም አይቷቸዋል» ቢልዎት ይህ የራጁን ቦታ አይተካም፤ የእናቲቱና የአባትየው ውጤት፣ የክርናቸው ምርመራ ጭምር፣ በስማቸው ተጽፎ ሊታይዎት ይገባል። ጉድለቱ ብዙ ዘረመሎች የሚሳተፉበት በመሆኑ፣ አመጋገብና ክብደትም ስለሚጨመሩበት፣ ከመልካም ወላጆች የታመመ ቡችላ ሊወለድ ይችላል። ምርመራው የሚያደርገው ዕድሉን መቀነስ ነው፤ «ዋስትና እሰጣለሁ» የሚል አርቢ ካጋጠመዎት እንዲያውም ጥርጣሬ ይግባዎት።

በአንድ ዘረመል የሚተላለፉት በሽታዎች ግን የዘረመል ምርመራ አላቸው። ለምሳሌ በጀርመን ሼፐርድ ላይ የሚታየው፣ በስተርጅና የኋላ እግርን ቀስ በቀስ የሚያሽመደምደው የሕብለ ሰረሰር በሽታ ከእነዚህ አንዱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ገዢዎች ይሳሳታሉ፦ ከወላጆቹ አንዱ «ተሸካሚ» ነው፣ ማለትም የበሽታው ዘረመል አንድ ቅጂ ብቻ አለው፣ የሚል ውጤት ሲያዩ ይሸሻሉ። ተሸካሚው የበሽታው ቅጂ ጨርሶ ከሌለበት ውሻ ጋር ከተገናኘ ከቡችሎቹ መካከል ሁለቱን የበሽታ ቅጂዎች የሚወርስ አይኖርም፤ ውጤቱን ሳይደብቅ የሚያሳይ አርቢ ሁሉም ውሾቼ እንከን የለባቸውም ከሚለው የበለጠ ሊታመን ይገባል።

እናቲቱን ማየት አለመቻልዎ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። አባትየው ሌላ ቦታ ቢሆን ነውር የለውም፤ ጠንቃቃ አርቢዎች ተስማሚ ወንድ ፍለጋ ሩቅ ስለሚሄዱ ብዙ ጊዜ አባቱ የሌላ ሰው ውሻ ነው። እናት ግን ገና ከምታጠባቸው ቡችሎች የምትለይበት በቂ ምክንያት እምብዛም የለም፤ ሻጩም ምናልባት ከሌላ ገዝቶ የሚያሻግር ደላላ ነው። እናትን ሲያዩ ከቡችሎቹ ጋር ሆና ይመልከቷት፦ ጡቶቿ ማጥባቷን ያሳያሉ? ቡችሎቹ ወደ እሷ ይሄዳሉ? እንግዳ ሲመጣ ከመጠንቀቅ አልፋ የምትሸማቀቅ ወይም ለመንከስ የምትነሣ ከሆነች ይህ ጠባይ በውርስም በአስተዳደግም ወደ ልጆቿ ይተላለፋል።

ስድስት ሳምንትም ጊዜው አልደረሰም። ቡችላ ቢያንስ ስምንት ሳምንት እስኪሞላው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር መቆየት አለበት፤ ንክሻን መመጠን የሚማረው ከእነሱ ጋር ሲጫወት ነው። ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ወይም አሥራ አራተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ሰውን፣ ድምፅንና አዲስ ነገርን የሚለምድበት በመሆኑ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የሚያልፈው በአርቢው እጅ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ያደገ ቡችላ በኋላ በፍቅር ብቻ አይካስም።

ጥሩ አርቢ ራሱ ይመረምርዎታል። ቀን ቀን ቤት ማን እንደሚውል፣ ልጆቹ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ውሻ ኖሮዎት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሊከለክልዎትም ይችላል። የትኛው ቡችላ ለቤተሰብዎ እንደሚስማማም ሐሳብ ይሰጣል፤ ከእርስዎ የአንድ ሰዓት ጉብኝት ይልቅ የእሱ የስምንት ሳምንት ትዝብት ስለሚበልጥ ይስሙት። በጽሑፍ በሚደረገው ውል ውስጥ ውሻውን ማኖር ካልቻሉ በየትኛውም ዕድሜ መልሶ እንደሚቀበለው የሚገልጽ አንቀጽ ይፈልጉ። የክትባትና የትል መድኃኒት መዝገብ እንደሚሰጥዎት የታወቀ ነው። የእርግዝናው ጊዜ ዘጠኝ ሳምንት ያህል ስለሆነ፣ ከዚያም ስምንት ሳምንት ስለሚጨመር፣ ወራት መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የአምስት ዝርያ ቡችላ ከእጁ የማይጠፋ ሰው አርቢ ሳይሆን ነጋዴ ነው።

ስለ ዝርያው አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጀርመን ሼፐርድ በግ ለመጠበቅ የተራባ ውሻ ነው። ወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ በየቀኑ ሥራና ሥልጠና ካላገኘ የራሱን ሥራ ይፈጥራል፤ ፀጉሩም ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል።

ጥያቄ፦ ጥቁርና ግራጫ ዝንጉርጉር የሆነ የፈረንሣይ ቡልዶግ በእጥፍ ዋጋ ቀርቦልኛል፤ ቀለሙ ብርቅ ነው ተብሏል። ሲተኛ ማንኮራፋቱ ደግሞ ደስ ይላል። ልግዛው?

መልስ፦ መርል የሚባለው ይህ ዓይነት ቀለም በዝርያው መለኪያ ተቀባይነት የለውም፤ ተጨማሪውን ዋጋ የሚከፍሉት መለኪያው ለማይቀበለው ቀለም ነው። ሁለት መርል ወላጆች ከተገናኙ ደግሞ በአማካይ ከአራት ቡችሎች አንዱ የቀለሙን ዘረመል ከሁለቱም ይወርሳል፤ እንዲህ ያለው ቡችላ ደንቆሮ ወይም ዕውር ሆኖ የመወለድ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። የሁለቱንም ወላጆች ቀለም ይጠይቁ።

ማንኮራፋቱ ግን ከቀለሙ የበለጠ ሊያሳስብዎት ይገባል። ፊታቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች አፍንጫቸው ጠባብ፣ ላንቃቸው ረጅም ስለሚሆን ብዙዎቹ በሙቀትና በሩጫ ጊዜ አየር ያጥራቸዋል። የብሪታንያው ኬኔል ክለብና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውሻውን ለሦስት ደቂቃ ሶምሶማ አስኪደው አተነፋፈሱን ከዜሮ እስከ ሦስት ይመድባሉ። ወላጆቹ ዜሮ ወይም አንድ ያገኙ ቡችላ ቢፈልጉ ይሻላል፤ ምርመራው በሌለበት አገር ከሆኑ ሁለቱንም ወላጆች ጥቂት ደቂቃ ሲሮጡ ቆመው ያዳምጧቸው። የሚያፏጭ ወይም የሚያቃስት ትንፋሽ ከሰሙ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን አይግዙ።