የወንዝ መርከብ ሽርሽር በአውሮፓ፦ ከጅማ ለደረሱን ሁለት ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ ጀርመን የሚኖረው ልጃችን እኔንና እናቱን በወንዝ መርከብ አውሮፓን ላስጎብኛችሁ ብሎናል። ሁለታችንም ስድሳን ተሻግረናል፤ ባለቤቴ ደግሞ ማዕበል ትፈራለች። ይመከራል? የትኛውን ወንዝ እንምረጥ?
(ከጅማ፣ ሂርማታ)

መልስ፦ ማዕበሉስ አያሳስባችሁ፤ ወንዝ ላይ የለም ማለት ይቻላል። የሚሰማው የሞተር ንዝረት ነው፤ እሱም ከኋላ በኩል ስለሚበረታ መሐል ላይ ያለ ክፍል ጠይቁ። በዕድሜ ለገፋ ሰው ትልቁ ጥቅሙ ሻንጣ አንዴ ተፈቶ ሳምንቱን ሙሉ አለመነካቱ ነው። መርከቡ ብዙ ጊዜ ሌሊት ይጓዛል፤ ጠዋት ሌላ ከተማ ይደርሳል። በዳኑብ ወንዝ ዳር ባሉት በፓሳው (ጀርመን)፣ በብራቲስላቫ (ስሎቫኪያ) እና በቡዳፔስት (ሀንጋሪ) ከወደቡ መሐል ከተማ በእግር ይደረሳል፤ ቪየና ላይ ግን ሜትሮ ያስፈልጋል።

እኛ የምንመርጥላችሁ በዳኑብ ላይ ከፓሳው ቡዳፔስት ደርሶ የሚመለሰውን የ7 ሌሊት ጉዞ ነው። አንዱ መንገድ 580 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ኦስትሪያ ውስጥ ከሜልክ ገዳም እስከ ክሬምስ ከተማ ያለውን ውብ የዋካው ሸለቆ በቀን የሚያልፍ መርሐ ግብር ምረጡ። ሌሊት ካለፈው ከገንዘባችሁ ግማሹ ባከነ በሉት።

ፓሳውን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ውኃው ነው። ከፓሳው ሽቅብ፣ ወደ ወንዙ መነሻ በኩል፣ በሽትራውቢንግና በፊልስሆፈን መካከል ያለው 70 ኪሎ ሜትር ያህል ወንዝ በግድብ ስላልተያዘ ዝናብ ሲጠፋ ይጎድላል፤ መርከብ ማለፍ ሲያቅተው ተጓዡ በአውቶቡስ ይጫናል። በራይን ላይም ካውብ የተባለው ቦታ እንዲሁ ነው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ጥቅምት የውኃ መለኪያው 25 ሴንቲ ሜትር ድረስ ወርዶ ነበር። ጉድለቱ የሚበዛው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ስለሆነ ግንቦትና ሰኔ ይሻላሉ። ለቡና ነጋዴም ይመቻል፤ ለቀማው ገና ነው።

ሁለተኛው ቪዛ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ (በአንድ ቪዛ የሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ ቪዛ) ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቆሟል። በአንድ መግቢያ ቪዛ ከቡዳፔስት ወደ ጥቁር ባሕር የሚወርደውን ጉዞ ብትይዙ፣ ሰርቢያ ሸንገን ስላልሆነች ቤልግሬድ ስትደርሱ ወጥታችኋል፤ ከዚያ ወደ ቡልጋሪያና ሩማንያ ተመልሶ መግባት አይቻልም። ከፓሳው እስከ ቡዳፔስት ግን ከሸንገን ክልል አትወጡም።

ማመልከቻው የሚቀርበው ብዙ ሌሊት ለምታሳልፉበት አገር ነው። ልጃችሁ ዘንድ ሁለት ሳምንት ከተቀመጣችሁ ጀርመን ነው፤ ለመርከቡ ብቻ ከሆነ ግን የየአገሩን ሌሊት ቁጠሩ። ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን ያስፈልጋል፤ ፓስፖርቱም ከምትመለሱበት ቀን በኋላ 3 ወር የሚቀረው ይሁን። አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው። ልጃችሁ ወጪያችሁን እንደሚሸፍን የሚያረጋግጠውን ሕጋዊ ሰነድ ከሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት ያውጣ። እናንተ ደግሞ ለመመለሳችሁ ማስረጃ፣ ማለትም የጡረታ ደብተር፣ የቤት ካርታ ወይም ንግድ ፈቃድ፣ አስተርጉማችሁ አያይዙ። ቪዛው ሳይወጣ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት እንዳይገዛ አደራ።

ስለ ክፍል አንድ ነገር እንጨምር። የታችኛው ወለል ርካሽ ነው፤ መስኮቱ ግን ከውኃው ከፍ ብሎ የተገጠመ፣ የማይከፈት ትንሽ ነው፤ አሳንሰርም እዚያ ድረስ ላይወርድ ስለሚችል ጉልበት ለሚያማቸው አይሆንም። መካከለኛው ወለል ይበቃል። ውድ በረንዳ አያስፈልግም፤ ወደቡ ሲጨናነቅ መርከቦች ጎን ለጎን ስለሚታሰሩ ከበረንዳው የሚታየው የጎረቤት መርከብ መጋረጃ ሊሆን ይችላል። ያኔ ወደ ከተማ የሚወጣውም በሌላው መርከብ ውስጥ አቋርጦ ነው። ጉርሻ በዋጋው ውስጥ መካተቱንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለልጃችሁ የተቆላ ቡና መውሰድ ትችላላችሁ። ቅቤና ቋንጣ ግን አይገባም፤ ጉምሩክ ይወስደዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ። መርከቡ ላይ ሐላል ምግብ አገኛለሁ? ሶላትስ?
(ከጅማ፣ ጂረን)

መልስ፦ ሐላል ሥጋ በአብዛኞቹ መርከቦች ላይ በመደበኛነት አይቀርብም። ሲመዘገቡ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ እንቢ ካሉ ዓሣና አትክልት ይያዙ። ሾርባና ስጎ ውስጥ ወይን ጠጅ ወይም የአሳማ ስብ ሊገባ ስለሚችል በየማዕዱ መጠየቅ አይቀርም። ጾመኛ ክርስቲያንም እንዲሁ አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ «ጾም» ቢሏቸው አይገባቸውም፣ «ቪጋን» (ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ የማይበላ) ይበሏቸው።

ከመካከለኛው አውሮፓ ቂብላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። መርከቡ ከወንዙ ጋር ስለሚዞር ግን ጠዋት የለዩት ግድግዳ ከሰዓት ላይሠራ ይችላል። የስልክ ኮምፓስም በብረቱ ምክንያት ስለሚሳሳት፣ ላይኛው ወለል ወጥተው በፀሐይዋ ወይም በካርታ አቅጣጫውን ያረጋግጡ። ዝቅተኛ ድልድይ ሲታለፍ ላይኛው ወለል ይዘጋል፤ ሰዓቱን አስቀድመው ከሠራተኞቹ ይጠይቁ።