ቁልፉን የሚይዘው ማን ነው? ለደሴና ለኮምቦልቻ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርት የምትከታተሉ አንዳንዶቻችሁ ቢሮዬ ድረስ እየመጣችሁ፣ በሳይበር ደህንነት ሥራ ለመሰማራት ከምን እንደምትጀምሩ ትጠይቁኛላችሁ። በቃል የምሰጣችሁ መልስ ሁልጊዜ ስለሚጎድልብኝ በጽሑፍ ላሰፍረው ወደድሁ።

የዲጂታል ፊርማ ሥራዬን ደሴ ላይ ስጀምር ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቼ አንዱ በሰኞ ገበያ የጨርቅ መደብር ያላቸው ሐጂ ነበሩ። ፊርማቸውን በስካነር አንስተን በየውሉ ግርጌ እንድንለጥፍላቸው ጠየቁን። ያ ምስል እንጂ ዲጂታል ፊርማ እንዳልሆነ፣ ማንም ቆርጦ ሌላ ሰነድ ላይ ሊያሳርፈው እንደሚችል ባስረዳቸውም አልተዋጠላቸውም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዙሬ የ10,000 ብር ውል በግል ቁልፍ፣ ማለትም ፊርማውን በሚያወጣ ሚስጥራዊ ቁጥር፣ ፈርሜ አሳየኋቸው፤ ከዚያም አንዲት ዜሮ ጨምሬ ፊርማው እንደገና እንዲረጋገጥ ባዝዘው ሰነዱ ተነካክቷል ብሎ ውድቅ አደረገው። ሐጂ ጥቂት ዝም ብለው አዩና «ታዲያ ልጄ፣ ይህን ቁልፍ የሚይዘው ማን ነው?» አሉኝ። የሙያችን ጭንቅ ያለው እዚያው ጥያቄ ላይ ነው።

ሂሳቡ አያሳስባችሁ። ዲፊና ሄልማን የተባሉት ተመራማሪዎች የዲጂታል ፊርማን ሐሳብ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ በዓመቱም ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን በሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ላይ የቆመውን አርኤስኤ የተባለውን የፊርማና የምስጠራ ስልት ቀመሩ። ሁለቱን ማባዛት ለኮምፒውተር ቅጽበት ነው፤ ብዜቱን ይዞ ሁለቱን ፈልጎ ማግኘት ግን ቁጥሮቹ በበቂ ሁኔታ ከረዘሙ ዛሬ ባሉት ኮምፒውተሮች የሚሞከር አይደለም። ሰነዱ አስቀድሞ በሃሽ ስሌት ወደ አጭር አሻራ ይቀየራል፤ ፊርማው የሚያርፈው በዚያ አሻራ ላይ በመሆኑ አንዲት ዜሮ እንኳ ስትጨመር ይጋለጣል። በአገራችንም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ስለወጣ ፊርማው የሕግ መሠረት አለው፤ አዋጁን ከኮድ መጽሐፋችሁ እኩል እንድታነቡት አደራ እላችኋለሁ።

እኔ የወደቅሁት ሐጂ በጠየቁት ጥያቄ ነው። የደንበኞቼን የግል ቁልፎች ሁሉ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይዤ ኮምቦልቻ ሥራ ውዬ፣ ማምሻውን በሐረጎ ዳገት በሚኒባስ ስመለስ ቦርሳዬ ከእግሬ ሥር አለመኖሩን ያወቅሁት ደሴ መናኸሪያ ስደርስ ነበር። ሌሊቱን የሰጠናቸውን ሰርተፍኬቶች፣ ማለትም ቁልፉ የማን እንደሆነ የሚመሰክሩትን ዲጂታል ማስረጃዎች፣ በሙሉ ስሰርዝ አደርሁ። በማግሥቱ እግሬ እየከበደኝ በየመደብሩና በየቢሮው ዞሬ፣ ምን እንደጠፋና ከስንት ሰዓት ጀምሮ የትኛውን ፊርማ መቀበል እንደሌለባቸው ራሴ ነገርኋቸው። አንድ ደንበኛ ውሉን አፈረሰ፤ መብቱ ነበር። ሐጂ ግን ሻይ አስቀርበው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና አዲሱ ቁልፍ በእሳቸው ኪስ በሚቀመጥ ስማርት ካርድ (ቺፕ ያለው ካርድ) ውስጥ ተፈጥሮ ከዚያ እንዳይወጣ አደረግን። ከመጀመሪያውም እንዲያ መሠራት ነበረበት።

ዲጂኖታር የተባለው የሆላንድ ሰርተፍኬት ሰጪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 በሰርጎ ገቦች ተደፍሮ ከ500 በላይ ሐሰተኛ ሰርተፍኬቶች በስሙ ወጡ። ድርጅቱ ጥቃቱን በሐምሌ ደርሶበት ሳለ ለሕዝብ ሳይናገር ሳምንታት አሳለፈ፤ ነገሩ ከውጭ በኩል ሲገለጥ ዋና ዋናዎቹ የኢንተርኔት አሳሾች (ብራውዘሮች) አመኔታቸውን ነሡት፣ በመስከረም ወርም ከሰረ። ይህን ታሪክ ለአዲስ ሠራተኞቼ በመጀመሪያው ቀን እነግራቸዋለሁ።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም፤ በዚህ ሥራ ገቢ ዘግይቶ ይመጣል፣ ቤተሰባችሁም ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ዛሬ ማታ ኦፕንኤስኤስኤል የተባለውን ነጻ የምስጠራ ሶፍትዌር ከፍታችሁ የቁልፍ ጥንድ (የሚፈርመውን የግል ቁልፍና ፊርማውን የሚያረጋግጠውን ይፋዊ ቁልፍ) ፍጠሩ፣ አንድ ደብዳቤ ፈርሙ፣ አንዲት ፊደል ለውጣችሁ ፊርማው ሲወድቅ እዩ። ከዚያም የግል ቁልፉ እንደተሰረቀ አድርጋችሁ፣ ለማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ ምን ብላችሁ እንደምትናገሩ በወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁልኝ ኑ።