«ልትወቅጪ ነው ወይ ባሕር ማዶ የምትሄጂው?»

እናትሽ እንዲህ ሲሉሽ ሳቅሁ። ደብዳቤሽን ስጨርስ ግን ሳቄ ጠፋ።

በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ማስተርስ ይዘሻል። ጀርመን ደመወዝ ያለው የዶክትሬት ቦታ አግኝተሻል፤ ሥራው የሱዙኪን ሪአክሽን፣ ማለትም ሁለት ሞለኪውሎችን በካርቦን የሚያጋጥመውን፣ በፓላዲየም ብረት አፋጣኝነት፣ ያለ ሶልቨንት (ያለ ማሟሚያ ፈሳሽ)፣ በኳስ ወፍጮ መሥራት ነው። ቤተሰብ ደግሞ «የተገኘልሽን የባንክ ሥራ ያዢ» ይላል። አንቺም «መፍጨት ተምሬ ማን ይቀጥረኛል?» ትያለሽ።

ለእናትሽ፣ ታላቁ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ፋራዴይም ወቅጧል በያቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1820 የብር ክሎራይድን ከዚንክ ጋር በሙቀጫ ወቅጦ ብር አወጣ። ዛሬ ዘነዘናው ኳስ ሆነ፣ ማሰሮው በሰከንድ 30 ጊዜ ያህል ይናጣል። ፓላዲየም በደረቁ ሲፈጭ ይጓጉልና ይሰንፋል። የሪአክሽኑ ባለስም ሱዙኪ ባስተማረበት፣ በጃፓኑ ሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እነ ኢቶ የተባሉ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2019 ጥቂት ኦሌፊን (ድርብ ቦንድ ያለው የካርቦን ውሁድ) ጠብ አድርገው መጓጎሉን ቀነሱት። እኔ ማስተርሴን ስሠራ አንድ ጠርሙስ ቶሉዊን የሚባል ሶልቨንት ከውጭ እስኪመጣ ስምንት ወር ጠብቄያለሁ። ተማርሬ መድኃኒት ፋብሪካ፣ ጥራት ቁጥጥር ገባሁ። ስለዚህ ወፍጮውን አልንቅም።

አሁን ወደ ጭንቀትሽ። ማሰሮውን ስትከፍቺ ግድግዳው ላይ የተጋገረ ግራጫ ነገር ታገኛለሽ፣ በስፓቱላ ትፍቂዋለሽ። ነጭ መሆን የነበረበት ዱቄት ለምን ጠቆረ? ፓላዲየም አለበት፤ ኳሱ ብረት ከሆነ የተፋቀ ብረትም አይጠፋም። በአፍ በሚወሰድ መድኃኒት ውስጥ ፓላዲየም በቀን ከ100 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ አይሲኤች የተባለው ዓለም አቀፍ የመድኃኒት ደረጃ አውጪ ያወጣው መመሪያ ይገድባል። ይህን ለክቶ የሚፈርም ሰው ቂሊንጦ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክም ይፈለጋል፣ ጀርመንም ይፈለጋል። የሚቀጥርሽ መፍጨትሽ ሳይሆን ይሄ ነው።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ፕሮፌሰሩን ጠይቂ፤ አይሲፒ-ኤምኤስ (ጥቃቅን የብረት ቅሪት የሚለካው ማሽን) አላችሁ? ራሴ እሠራበታለሁ? ናሙና ልከሽ ውጤቱን በኢሜይል የምትቀበዪ ከሆነ ማሽኑን ሲቪሽ ላይ እንዳትጽፊው። እኔ ቃለ መጠይቅ ላይ እንዲህ ያሉትን በሁለት ጥያቄ ነበር የምይዛቸው። «ያለ ሶልቨንት» የሚለውም አያታልልሽ፤ ለማጥራት ስትደርሺ ብዙ ጊዜ ሶልቨንቱ፣ ኤትል አሲቴቱ፣ መፍሰሱ አይቀርም።

ወንድምሽ «አራት ዓመት ማን ይጠብቃል?» ያለው የቤት ኪራዩ አስጨንቆት ነው እንጂ ለሙያሽ አስቦ አይደለም። 34 ዓመቱ ነው፣ ሥራ አለው፤ ይክፈል። የዶክትሬት ደመወዝ አንድ ሰው ያኖራል፣ ቤተሰብ አያስተዳድርም። በወር የምትልኪውን ቁጥሩን ሳትሄጂ ንገሪያቸው። አኩርፈው ይሸኙሽ፣ ግድ የለም።

ባንኩ መጥፎ አይደለም፤ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ኬሚስት ብሎ የሚጠራሽ አይኖርም። 29 ዓመት አልረፈደም። ላቦራቶሪው በእንግሊዝኛ ቢሠራም ጀርመንኛውን ከመጀመሪያው ወር ያዢው፣ ሥራ ስትፈልጊ ይጠይቁሻል።

ፕሮፌሰሩ ስለ ማሽኑ የመለሰልሽን ላኪልኝ። «እናያለን» ካለሽ ደግመሽ ጠይቂው።