ሁሉንም ስልት እጽፋለሁ፤ የኔ የቱ ነው?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ከስምንት ዓመት በፊት እኔ ራሴ የጻፍኩት መሰለኝ። ሮክም፣ ሬጌም፣ አር ኤንድ ቢም፣ ፎልክም ትጽፋለህ። ሰው «አንዱን ምረጥ» ይልሃል። አንዱን ስትይዝ ደግሞ የተቀረው ይናፍቅሃል። «የራሴን ቀለም እንዴት ላግኝ?» ነው ያልከው። መልሴ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

እኔ ያኔ ወደ አርባ የሚጠጉ ዘፈኖች ነበሩኝ። አንዱ ከሌላው አይገናኝም። አንድ ጓደኛዬ ተራ በተራ ሰማቸውና «አምስት ሰው የጻፋቸው ነው የሚመስሉት» አለኝ። አንጀቴን ነው የቆረጠኝ። ሬጌውንም ፎልኩንም ጥዬ ዓመት ሙሉ አር ኤንድ ቢ ብቻ ጻፍኩ። የወጣው ሥራ እንከን የለውም፤ ግን የማንም ሊሆን ይችላል። ያ ዓመት ባከነ ብል ማጋነን አይደለም።

ነገሩ የገባኝ በአጋጣሚ ነው። ኮምፒውተሬ ተበላሸና ቅንብሮቼ በሙሉ ድራሻቸው ጠፋ። የተረፉት ስልኬ ላይ የነበሩት ረቂቆች ብቻ ናቸው። ድምፅና ጊታር፣ አለቀ። አንዳንዶቹ ላይ በር ሲዘጋ ሁሉ ይሰማል። ምን ቀረልኝ ብዬ ሁሉንም በአንድ ቁጭታ አዳመጥኳቸው። ድራም የለ፣ ቤዝ የለ፣ ኪቦርድ የለ። ለካ አርባውንም የጻፈው አንድ ሰው ነው።

ለምሳሌ አንድ ሬጌና አንድ ዝግ ያለ ፎልክ ነበሩኝ። በመካከላቸው ሁለት ዓመት አለ። የሁለቱም አዝማች መጨረሻ ከሶል ወደ ሚ ይወርድና ሬ ላይ ይቆማል። የዜማው ማረፊያ የሆነው ዶ ላይ አያርፍም። ጆሮህ «ጨርሰው እንጂ!» እያለ ይቀራል። ሌላም አለ። ስንኝ በመጀመሪያው ምት ላይ ጀምሬ አላውቅም፤ አንድ ምት አሳልፌ ነው የምገባው። ግጥሜ ደግሞ ሁሌም «አንቺ» ወይም «አንተ» ብሎ ሰው ያናግራል፣ ስለ «እሱ» እና «እሷ» አያወራም። አንዱንም አስቤበት አላደረግኩም።

ስልት የምንለው ነገር በአብዛኛው ምቱና አጃቢው ነው። ጊታሩ ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ቆረጥ ቆረጥ ሲል፣ ቤዙ ከሥር ሲያዜም፣ ሬጌ ሆነ ትላለህ። ያንን ልብስ ለብዙ ዘፈን ልታለብሰው ትችላለህ። ቀለምህ ከልብሱ ሥር ነው ያለው። አሜሪካዊውን ዘፋኝ ሬይ ቻርልስን አስበው። በአር ኤንድ ቢና በሶል ሙዚቃ ስሙ ከገነነ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የካንትሪ ዘፈኖችን በቢግ ባንድና በቫዮሊን አጅቦ ሙሉ አልበም አወጣ። ድርሰቶቹ የራሱ አልነበሩም። ግን ሁለት ቃል ሳይጨርስ ማን እንደሆነ ታውቀዋለህ።

የተደጋገመ ሁሉ ግን ቀለም አይደለም፣ እዚህ ላይ ራስህን አታታል። እኔ ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ የሚባሉትን ኮርዶች (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) እየደጋገምኩ ስንት ዘፈን ጽፌያለሁ! ጣቴ ስለለመደው ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። ኮርዶቹን ስቀይራቸው ዘፈኖቹ ምንም አልሆኑም፣ እንዲያውም አንዳንዶቹ ነፍስ ዘሩ። ሬ ላይ የሚቆመው አዝማች ግን ሌላ ነው። አንድ አቀናባሪ «ይሄ ስህተት ነው» ብሎ ዶ ላይ አሳረፈልኝ። እሺ አልኩና ሳምንት ሙሉ ሰማሁት። ዘፈኑ ሞቷል። የምለይበት መንገድ ይህ ነው፤ ስትነካው ዘፈኑን ካመመው ያንተ ነው።

ድክመት ያልከውም አንዳንዴ እዚያው ውስጥ ነው። ካናዳዊቷ ዘፋኝ ጆኒ ሚቸል በልጅነቷ በፖሊዮ ታማ ግራ እጇ ደክሞ ነበር። የተለመዱት ኮርዶች ሲያስቸግሯት የጊታሩን ክሮች በሌላ ቅኝት ቃኘቻቸው። ዛሬ የሷ የምንለው ድምፅ ባብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው። ያንተ ድምፅ ከፍ ማለት ካልቻለ ዝቅ ብለህ ጻፍ፣ ምን ችግር አለው?

ከስልት ስልት ስትዘል ግን ለቋንቋው ተጠንቀቅ። የባዕድ ምት ይዘህ አማርኛ ስትጭንበት የሚጠብቀውና የሚላላው ይደበላለቃል። እኔ አንዴ «ገና አልረሳሁሽም» የሚል ስንኝ ጻፍኩ። ምቱ «ና»ን ጫን ብሎ አጠበቀው። ያቺን ልጅ ማናገሬ ቀርቶ የበዓል መዝሙር ሆኖ አረፈው። እስከዛሬ ይስቁብኛል።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። በጣም የማይመሳሰሉትን ሦስት ዘፈኖችህን ምረጥ። ሦስቱንም በአንድ ጊታር ብቻ፣ በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ቁልፍ (ዜማው በሚያርፍበት አንድ መነሻ ድምፅ) ቅዳቸው። አታሳምራቸው። ሳምንት ተዋቸውና እርሳስ ይዘህ ስማ፤ የት ትገባለህ፣ የት ትንፋሽ ትወስዳለህ፣ ዜማው የት ይወጣል፣ የት ይቆማል፣ ለማን ነው የምታወራው። የተደጋገመውን ጻፈው። ከዚያ አንድ በአንድ እየቀየርክ የትኛው እንደሚያም እይ። ብቻህን ካልተሰማህ ሙዚቃ የማያውቅ ሰው ጥራና አሰማው። እኛ ኮርድ ስንቆጥር እነሱ «ይሄ እንደዛኛው ነው» ብለው ቶሎ ይይዙታል።

ስልት ምረጥ የሚለውን ምክር ለጊዜው ተወው። ወደፊት አልበም ስታወጣ አድማጭ እንዳይጠፋበት አንድ ሁለት ነገር አጽናለት፤ ለምሳሌ ያው ጊታር በሁሉም ዘፈን ላይ ይኑር፣ ድምፅህም በሁሉም ላይ በአንድ ዓይነት ቅርበት ይቀዳ። ምቱ እንደፈለገው ይቀያየር።

ሦስቱን ረቂቅ ከቀዳህ እዚሁ ለጥፋቸው፣ እሰማቸዋለሁ። የበሩ ድምፅም ይኑርበት፣ ችግር የለም።