ከወለደች ጀምሮ ሽንቷ ይፈሳል

ጥያቄ፦ ታላቅ እህቴ ገጠር ነው የምትኖረው። ሦስት ቀን አምጣ ልጁ ሞቶ ተወለደ። ከዚያ ወዲህ ሽንቷ ሳይታወቃት ይፈሳል። ባሏ ጥሏት ሄደ፤ ጎረቤቱ እርግማን ነው ይላል። እንዳይፈሳት ብላ ውሃ መጠጣት ትታለች። ማሳከሚያ የለንም፤ ምን ላድርግላት?

መልስ፦ እርግማን አይደለም፤ በመጀመሪያ ይህን ንገሪያት። ሁኔታው የሚመስለው ፌስቱላ ነው። ምጥ ሲረዝም የልጁ ጭንቅላት በፊኛዋና በብልቷ መካከል ያለውን ሥጋ ተጭኖ ደም ያሳጣዋል፣ ሥጋው ይሞትና ቀዳዳ ይከፈታል፣ ሽንቱም በዚያ ይወርዳል። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ሐኪም ቤቱ ሩቅ፣ መንገዱም አስቸጋሪ በሆነበት ቦታ ነው ይህ የሚበዛው።

አብዛኞቹ ሴቶች በቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት የፌስቱላ ሆስፒታል በነፃ ያክማል፤ ባሕር ዳር፣ ሐረር፣ ይርጋዓለምና መቱም ቅርንጫፍ አለው። ለቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ንገሯት፣ መንገዱን ታመቻቻለች።

ውሃውን ግን ከዛሬ ጀምሮ ትጠጣ፣ በደንብ! ካልጠጣች ሽንቷ ይወፍርና ሽታው ይብሳል፣ ቆዳዋንም ያቃጥላታል። ከዳነች በኋላ ካረገዘች ደግሞ ቤት እንዳትወልድ፤ በኦፕራሲዮን መውለድ ስለሚያስፈልጋት ክትትሉን በጊዜ ትጀምር።