«ሰው አይወድም» ተብሎ ለሚመጣላችሁ ልጅ

ልጆቼ፣ አእምሮ ሕክምና ክፍል ገና የገባችሁ ሐኪሞችና የሳይኮሎጂ ተማሪዎች፣ ይቺ ለእናንተ ናት።

እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች። «ዶክተር፣ ሰው አይጠጋም። እንግዳ ሲመጣ ክፍሉን ይዘጋል። አያቱ ሲሞቱ እንኳ እንባ አልወጣውም።» ልጁ መሬት መሬት ያያል። እጃችሁ «ስኪዞይድ ፐርሰናሊቲ» (ከሰው መቀራረብን የማይፈልግ፣ ስሜቱንም እምብዛም የማያሳይ ስብዕና) ብሎ ሊጽፍ ይጣደፋል። ቆይ በሉት።

እናትየውን «ከመቼ ጀምሮ?» በሏት። «እስከ አምና ተጫዋች ነበር» ካለች ድብርትን፣ ሱስን፣ የስኪዞፍሬኒያን (ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) ጅማሬ ፈልጉ። ስብዕና ባንድ ዓመት አይገለበጥም። ከገጠር ከተማ የገባ፣ ወይም በቅርቡ ውጭ አገር የሄደ ልጅም ለወራት ፍዝዝ ሊል ይችላል። እሱን በሽተኛ አታድርጉት። «ከልጅነቱ እንዲሁ ነው» ካለች ደግሞ ኦቲዝምንም አስቡ።

ከዚያ ልጁን ለብቻው አድርጋችሁ «ማንም ያልደወለልህ ቅዳሜ እንዴት ይውላል?» ብላችሁ ጠይቁት። «እፎይ ብዬ ነዋ!» የሚል አለ፤ ወደ ስኪዞይድ የሚቀርበው እሱ ነው። «ስልኬን እያየሁ» የሚልም አለ። ሁለተኛው ሰው ይፈልጋል፤ መናቅን ስለሚፈራ ነው የሚሸሸው። አቮይዳንት የምንለው እሱን ነው። ሁለቱን ዲኤስኤም 3 (የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሕመም መለያ መጽሐፍ ሦስተኛ እትም) የለያያቸው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው፤ በፊት አንድ ላይ ይታጨቁ ነበር። ዛሬ መጽሐፉ ለስኪዞይድ ከሰባት ምልክቶች አራቱ ይበቃሉ ይላል። ለእኔ ግን ያቺ የቅዳሜ ጥያቄ ትበልጣለች።

ሕክምናው ላይ ስንመጣ፣ ለስኪዞይድ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት የለም። ድብርት ወይም ጭንቀት ካለበት እሱን አክሙ። ብዙዎቹ ወደ እኛ የሚመጡትም በዚያ ሰበብ ነው፣ ወይ ቤተሰብ ጎትቷቸው። የቀረው ንግግር ነው፣ እሱም ቀስ ያለ። ዝም ሲል አብራችሁ ዝም በሉ። «ዓይኔን እያየህ አውራኝ» አትበሉት። ጨዋታ አዋቂ ልታደርጉት አትሞክሩ፤ እሱ ያልጠየቀውን ነው የምትሰጡት። የሚከብደው ምን እንደሆነ ራሱ ይንገራችሁ። አንዱን ሥራ ቦታ ምሳ አብሮ መብላት ያስጨንቀዋል፣ ሌላውን የእናቱ ለቅሶ።

እናትየውንም አትርሷት። ጎረቤቱ ሁሉ «ዳሪውና ይለቀዋል» እያለ ያስጨንቃታል። (ይህን ምክር የሚሰጡ ሰዎች ሙሽራዪቱን አስበዋት ያውቁ ይሆን?) ሁለቱን አስማሟቸው፦ አቦሉን አብሯት ይጠጣል፣ ከዚያ ወደ ክፍሉ ሲገባ ማንም አይጠራውም።

ቀጠሮውንም አታጣብቡበት። በስንት ቀን መምጣት እንደሚችል እሱ ይናገር።