ሰው ሠራሽ ሐይቅና ሰው ሠራሽ ጸጉር

ጥያቄ፦ ስለ ጂንስ ሱሪ ቀለም የሚያወራ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። በቤተ ሙከራ የሚሠራውን ኢንዲጎ የተባለ ሰማያዊ ቀለም «ሰው ሠራሽ ኢንዲጎ» ስለው አርታኢዬ «ፎርጂድ አስመሰልሽው» አለኝ። በእንግሊዝኛ «ሲንተሲስ» የሚባለውን የመሥራቱን ሂደትስ ምን ልበለው? ቅመማ፣ ውህደት ወይስ አስተፃምሮ?

መልስ፦ አርታኢዎ ልክ ነው፤ ጥፋቱ ግን የሐረጉ ነው። ሰው ሠራሽ ጸጉር ጸጉር አይደለም፤ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ቆቃም ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው፤ ውሃው ግን የአዋሽ ውሃ፣ ዓሣውም የሚበላ ዓሣ ነው። ሐረጉ አስመስለው የሠሩትንም፣ ራሱን ነገሩን የሠሩትንም አንድ ላይ ይጠራል።

ኢንዲጎው የቆቃ ወገን ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ፎን ባየር እ.ኤ.አ. በ1883 የሞለኪውሉን አወቃቀር ለየ፤ በ1897 ደግሞ ባስፍ የተባለው ኩባንያ በፋብሪካ ያመረተውን ለገበያ አወጣ። ሞለኪውሉ ያው ነው። እንዲያውም በተክሉ ቅጠል ውስጥ ሰማያዊ ቀለም የለም! ያለው ኢንዲካን የሚሉት ቀለም አልባ ነገር ነው። ቅጠሉ ተዘፍዝፎ ሲብላላ፣ ፈሳሹም እየተመታ አየር ሲያገኝ ነው ሰማያዊው ብቅ የሚለው። የሰው እጅ ድሮም አለበት።

ወደ ሥራው ስም ልምጣ። «ቅመማ» ለጆሮ ይጥማል፤ መድኃኒት ቀማሚ እንላለንና። ግን ቅመም ሲቀመም ኮረሪማው ኮረሪማነቱን፣ ጥቁር አዝሙዱም ጥቁር አዝሙድነቱን አይለቅም። በሲንተሲስ ግን የገባው ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል። «ውህደት»ን ፖለቲከኞች ወስደውታል፤ ስሰማው የሚመጣብኝ የፓርቲ ዜና ነው። «የውህድ ውህደት» ብሎ መጻፍም ያስጠላል።

እኔ «አስተፃምሮ»ን እመርጣለሁ። ፎቶሲንተሲስን «ብርሃን አስተፃምሮ» ብለን ተምረን የለ? ሥሩ የግእዙ «ፀመረ» ነው፣ አጣመረ ማለት። ጸጉር ጠጉር እንደሚባለው ሁሉ፣ የእኛዎቹ ጥምርና ጣምራም የዚሁ ዘመዶች ናቸው። በየመስመሩ ከደጋገሙት ግን ይከብዳል፤ አንዴ ከ«ሲንተሲስ» ጋር አስተዋውቀው በቀረው «መሥራት» ይበሉ።

ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ ባደርገው፦ «በፋብሪካ የሚሠራው ኢንዲጎና ከቅጠል የሚወጣው ሞለኪውላቸው አንድ ነው።» ሱሪው የሚለጠጥ ዓይነት ከሆነ፣ «ሰው ሠራሽ»ን ለላስቲኩ ክር ያቆዩት።